«መከላከያ»፣ «ቅብብል» እና «ሞጁል»፦ በኤሌክትሪክ ሙያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ፊውዝን፣ ብሬከርንና ሪሌን ሳይለዩ «መከላከያ» እያሉ መተርጎም ለጆሮ ቢቀልም ለሥራ አደገኛ ነው። ሦስቱ ዓላማቸው አንድ ሲሆን ግብራቸው ለየቅል ነው። ፊውዝ ኮረንቲው ከልክ ሲያልፍ ራሱ ቀልጦ መስመሩን ያቋርጣል። ሪሌ ግን አይቆርጥም፤ የኮረንቲውን መጠን ይከታተላል፣ ከተወሰነለት ልክ ጋር ያነጻጽራል፣ ብልሽት መኖሩን ሲለይ ትእዛዝ ይሰጣል። ትእዛዙን ተቀብሎ የሚቆርጠው ብሬከሩ ነው። በአሜሪካ የሙያ ደረጃ የመሣሪያ ቁጥር እንኳ ብሬከሩ 52፣ ጊዜ ቆጥሮ የሚያዝዘው የትርፍ ኮረንቲ ሪሌ 51 ተብለው ተለይተዋል። ቁጥር የለየውን ቃላችን ስለ ምን ይቀላቅላል? «መከላከያው አልሠራም» የሚል ትርጉም ያነበበ መካኒክ የትኛውን ይፈትሽ? ያላዘዘውን ወይስ ታዝዞ ያልቆረጠውን? ስሕተቱ ሞተር ሊያቃጥል፣ ከዚያም አልፎ ሰው ሊያጠፋ ይችላል።

«ቅብብል» የሚለውም አላረካንም። ቃሉ በመነሻው የደከመን ፈረስ በሌላ መተካትን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቴሌግራፍም የደከመን ምልክት ማደስን ስላመለከተ ለዚያ ዘመን የተገባ ነበር። የዛሬው ሪሌ ዋና ሥራ ግን ማቀበል ሳይሆን መፍረድ ነው። በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ያደገ ሠልጣኝ «ቅብብል» ቢባል የዱላ ሩጫ ትዝ ይለዋል። ነገር ግን ማማ ላይ ሆኖ ዝንጀሮ ሲያይ የሚጮኸው አንድ፣ ሮጦ የሚያባርረው ሌላ መሆኑን ብናስታውሰው የሪሌና የብሬከር ልዩነት ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ «ሪሌ» የሚለው ውሰት ቃል ይቆይ፤ ፍቺው ግን በሀገርኛ ይብራራ።

ከሁሉ የከፋው «የፕሮሰሰር ሞጁል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ዲጂታል ሪሌ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ቀድሞ በመግነጢስ ስበትና በዲስክ መዞር ይሰጥ የነበረው ፍርድ ወደ ስሌት ተሸጋግሯል። ይህ ክፍል ኮረንቲውን በየቅጽበቱ በቁጥር ይመዘግባል፣ ያሰላል፣ ይወስናል። በሀገራችን መረብ አንድ ዙር 20 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ ውሳኔው መዘግየት የለበትም። ታዲያ በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለ መምህር «ሞጁል» ሲባል የሚያስበው የማስተማሪያ ጥራዝን ነው። «አንጎል» እንበለው ቢባልም፣ «አንጎሉን ነቅለህ ሌላ ግጠም» የሚል መመሪያ ማን በቁም ነገር ያነባል?

እኛ «አስሊ ክፍል» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን። ፍቺውም፦ በሪሌ ውስጥ ልኬቶችን አስልቶ ለብሬከር የሚሰጠውን ትእዛዝ የሚወስን፣ ተነቅሎ የሚተካ ክፍል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ተርጓሚ ቢኖር በደስታ እንቀበለዋለን፤ መመዘኛችን ግን አንድ ነው፦ ቃሉን የሰማ መካኒክ የትኛውን ዕቃ እንደሚነካ በእርግጥ ይወቅ።