ነባር መምህር በምን ይመዘናል?

በአሜሪካ፥ በቴክሳስ ግዛት፥ የሂውስተን ከተማ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ጀማሪውንም ነባሩንም መምህር በተማሮቹ የፈተና ውጤት ዕድገት ይመዝን ነበር። ኢቫስ የተባለው ስሌት ተማሪው ባለፉት ፈተናዎች ካገኘው ተነሥቶ፥ በዓመቱ ያሳየውን ለውጥ ለመምህሩ በነጥብ ይቈጥርለታል። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ልጆቹ መማራቸውን ሳይጠይቁ መምህሩን ማመስገን ሚዛን አይባልምና።

ጉድለቱ ሌላ ነው። ቀመሩ የአንድ ኩባንያ ምስጢር ስለ ነበረ፥ መምህሩ ነጥቡ ትክክል መሆኑን ሊመረምር አልቻለም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ሰባት መምህራንና ማኅበራቸው ከሰሱ። በ2017 ፍርድ ቤቱ በዚህ ነጥብ ላይ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት አስተዳደሩ ሊመረመር በማይችል ነጥብ መምህር እንዳያሰናብት ተስማማ።

ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ቀመሩ ቢገለጥ እንኳ፥ ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው የትኛውን ልማዱን እንዲያርም፥ የትኛውን እንዲያጸና ቍጥሩ አይነግረውም። ይህ የሚታወቀው ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ክፍል ገብቶ ሲያይ፥ የተማሮችን ደብተር ሲያገላብጥ፥ መምህሩንም «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። የተመዛኙን መልስ የማይሰማ ሚዛን ይቀጣ ይሆናል እንጂ አያስተምርም።