አፈር ከመፈጨቱ በፊት

የአፈር ናሙና ቤተ ሙከራ ሲገባ የሚጠብቀው ሥርዓት የታወቀ ነው። ይደርቃል፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ በመቶኛ ይሰላል። ለስንዴ ማሳ አፈር ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጉዳት የለውም። ናሙናው ከፐርማፍሮስት፣ ማለትም ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዜሮ ዲግሪ ከፍ ሳይል ከኖረ መሬት የመጣ ሲሆን ግን ማድረቂያው ምድጃ በመጀመሪያ የሚያጠፋው ሊጠና የመጣውን ነገር ነው። በረዶው ውሃ፣ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ዱቄት ከሌላ ሜዳ ከመጣ ዱቄት አይለይም። ስለዚህ በዚህ ሙያ ላለን ሰዎች አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ይዘቱ (ቮልዩሙ)፣ እፍጋቱ፣ የበረዶና የውሃ ድርሻው ያልተለካ አፈር የሚሰጠው የኬሚስትሪ ቁጥር ሊታመን አይገባም። ይህን ለመረዳት ሳይቤሪያ ድረስ መሄድ አያሻም፤ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዘ ሄግ የቆሙበት የኔዘርላንድስ መሬት ይበቃል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ ከተከማቸ ዕፅዋት የተሠራውን፣ ፒት የሚባለውን አፈር እንውሰድ። ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶው ካርቦን፣ እፍጋቱም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.1 ግራም ቢሆን አንድ ኪዩቢክ ሜትሩ 30 ኪሎ ግራም ካርቦን ይይዛል። አጠገቡ ያለ ደለል ካርቦኑ 3 በመቶ ብቻ፣ እፍጋቱ ግን 1.2 ግራም ቢሆን 36 ኪሎ ይይዛል። በመቶኛ ዐሥር እጥፍ ደሃ የመሰለው አፈር በኪዩቢክ ሜትር ሲሰላ በልጦ ይገኛል። ከይዘቱ ግማሹ ንጹሕ በረዶ ከሆነ ደግሞ ያው 36 ወደ 18 ይወርዳል። (የመረሬን ምድር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አይቸገርም፤ ክረምት አብጦ በጋ የሚሰነጠቅ አፈር እፍጋቱ ከእርጥበቱ ጋር ካልተጻፈ ምንም አይነግረንም።) የልኬት ጉድለት ስሌቱን በዓለም ደረጃ ምን ያህል እንደሚያዛባ የዶማ የሚባለው ደለል አሳይቷል። የዶማ በበረዶ ዘመን የተከማቸ፣ ግዙፍ የበረዶ ሽብልቆች የገቡበት የሳይቤሪያና የአላስካ ደለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 500 ቢሊዮን ቶን ካርቦን እንደያዘ ተገምቶ ነበር፤ በ2013 የወጣ ክለሳ ግምቱን ወደ 211 ቢሊዮን አወረደው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ካርቦኑ የትም አልሄደም። የደለሉ ውፍረት፣ እፍጋቱና የሽብልቆቹ ይዘት በተሻለ ሁኔታ ስለተለኩ ነው ቁጥሩ የወረደው።

ወደ ኔዘርላንድስ እንመለስ። የምዕራቡ ፒት ከዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ በቦይ ሲጠነፈፍ ኖሯል። ውሃው ሲወጣ ፒቱ ይታመቃል፣ ይኮማተራል፤ አየር የገባው ክፍል በረቂቅ ተሕዋስያን ተበልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። መሬቱ ሲወርድ ውሃው ተመልሶ ይቀርባል፣ ቦዩም እንደገና ይጠልቃል። በሮተርዳም ያለው የፕሪንስ አሌክሳንደር ፖልደር ፒቱ ለማገዶ ተቆፍሮ ሐይቅ ሆኖ የነበረ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውሃው ተመጥጦ የደረቀ ስፍራ ነው፤ ዛሬ ከባሕር ጠለል ከ6 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ዘ ሄግ ከፊሉ በአሸዋ፣ ከፊሉ በፒት ላይ ነው፤ ባለጸጋው አሸዋውን፣ ሠራተኛው ፒቱን መያዙ እስከ ዛሬ ይወራል። ከሁሉም የሚያስተምረኝ ግን የአምስተርዳም እንጨት ነው። በዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት የቆመው በ13,659 የእንጨት ምሰሶዎች ላይ እንደሆነ እዚያ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ ይማሩታል። እንጨቱ ውሃ ውስጥ እስካለ ለዘመናት ይቆያል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ወርዶ የምሰሶው አናት ሲጋለጥ ኦክስጅን ይገባና ፈንገስ ይበላዋል። ከውሃው መስመር በላይም ሆነ በታች ሴሉሎሱ አንድ፣ ሊግኒኑም አንድ ነው። የበሰበሰውን ካልበሰበሰው የለየው የውሃው ከፍታ ነው።

በበረዷማው መሬት ይህንኑ የሚያሳይ ሙከራ አለ። በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ ቾኩርዳክ አጠገብ ባለው የኪታሊክ ጥብቅ ስፍራ የአምስተርዳሙ ቭሬይ ዩኒቨርሲቲ፣ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲና የያኩትስክ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሠርተዋል። በ2007 ከተወሰኑ ክብ ማሳዎች ቤቱላ ናና የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ ተቆረጠ፤ ሌሎቹ ሳይነኩ ቀሩ። በአፈሩ ላይ አንዳች ነገር አልተጨመረም። ጥላው ሲሄድ የበጋው ሙቀት ጠልቆ ገባ፣ ከሥር የነበረው በረዶ ቀለጠ፣ መሬቱ ሰመጠ፣ በስምጠቱ ውሃ ተጠራቀመ። በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት ሜቴን ይመጥ የነበረው ማሳ ሜቴን አመንጪ ሆነ። ሙከራው ሲጀመር ከሁለቱም ማሳዎች ዱቄት አንሥተን በመቶኛ ብቻ ብንለካ ይህን ልዩነት አስቀድሞ የሚጠቁም ነገር አናገኝም ነበር።

የኬሚስትሪ ባለሙያ ሊመልስልኝ የሚችለው አለ። ሁሉም ካርቦን እኩል አይበሰብስም፤ የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ በቤተ ሙከራ የሚወጣውን ጋዝ መጠን ለመተንበይ ይረዳል። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ትንበያ የሚሠራው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው፤ ከቀለጠም በኋላ አየር መኖር አለመኖሩ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ብዙ ሙከራዎችን ያጣመረ የ2016 ትንታኔ እንዳሳየው ኦክስጅን ያገኘ የፐርማፍሮስት አፈር ካላገኘው 3.4 እጥፍ ካርቦን ይለቃል። ብረትም እንዲሁ ነው። የብረት ማዕድን ካርቦንን አጥብቆ ይይዛል፤ አፈሩ በውሃ ተሞልቶ ኦክስጅን ሲያጣ ግን ብረቱ ራሱ ይሟሟና የያዘውን ይለቃል። ሌላው ሰው ደግሞ ሳተላይት አለልን ይላል። ራዳር የመሬትን መስመጥ በሚሊ ሜትር ይከታተላል፤ ከሰመጠው ስንቱ መታመቅ፣ ስንቱ መበስበስ፣ ስንቱ የቀለጠ በረዶ እንደሆነ ግን መሬቱ ካልተሰረሰረ አይታወቅም። ፒት ፐርማፍሮስት አይደለም የሚለውን ሙግት በከፊል እቀበላለሁ። ፒት በዓመት በሚሊ ሜትር ሲወርድ በረዶ የበዛበት መሬት በጥቂት በጋዎች ሊደረመስ ይችላል። ይህ ልዩነት ግን ራሱ ከበረዶው መጠን የሚመጣ ነው፤ ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

በ2019 ዘ ሄግ ላይ ይፋ የሆነው የኔዘርላንድስ የአየር ንብረት ስምምነት እስከ 2030 ከፒት ግጦሽ መሬቶች የሚወጣውን ጋዝ በዓመት በ1 ሚሊዮን ቶን ለመቀነስ ሲያቅድ ዋና መሣሪያው የከርሰ ምድር ውሃን ከፍ ማድረግ ነበር። እዚያ መሬቱ ቅርብ ነው፤ የጎደለ ልኬት ቢኖር በብስክሌት ሄዶ ማሟላት ይቻላል። በሳይቤሪያ ግን ከ2022 ወዲህ የምዕራብ አውሮፓና የሩሲያ ተቋማት ትብብር በአብዛኛው ተቋርጧል። ከዚያ የመጣና ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ የተቀመጠ ናሙና ካርቦኑ ዐሥር ጊዜ ሊለካ ይችላል፤ ከመድረቁ በፊት ርዝመቱ፣ ዲያሜትሩና ክብደቱ ካልተመዘገበ ግን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ስንት ኪሎ እንደነበረ ከዱቄቱ የሚያወጣ መሣሪያ የለም።