ቃል የሌለው ደወል፦ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ዳግም ስናዳምጥ

በፍራንክፈርት ሰሜን፣ በኒዳ ወንዝ ዳር ባለችው ቦናመስ፣ በአንድ የበረዶ ምሽት ተሰባስበን ይህን አልበም ከዳር እስከ ዳር አደመጥን። ሸክላው ሲያበቃ ከመካከላችን አንዱ «አገሬን አየኋት» አለ። አባባሉ ከልብ የመነጨ ቢሆንም ሥራውን ወደ ትዝታ ማስታወሻነት የሚያወርድ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወልዶ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማረ ሰው ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ አልበምም የተቀረጸው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። የያዘው ጥያቄ ናፍቆት አይደለም፤ ባለአምስት ድምፅ ቅኝቶቻችን የጃዝን ባለአሥራ ሁለት ድምፅ ስምምነት ተሸክመው መልካቸውን ሳያጡ መቆም ይችላሉን? የሚል ነው።

በ«ኩሉን ማን ኳለሽ» መልሱ አላረካንም። ይህን የሠርግ ዜማ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለምና፣ ሳክስፎኑ የተወውን ግጥም እያንዳንዳችን በልባችን እንሞላዋለን፤ የሥራው ግማሽ የኛ ነው ማለት ነው። (የባዕድ አገር አድማጭ ይህን ግማሽ ከየት ያመጣዋል?)

«ደወል» ግን ሌላ ነው። እዚህ የምናዋጣው ግጥም የለንም። ባሱ ሳይታክት ተመላልሶ ይመታል፤ በላዩም የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይነሣሉ። አንዳንድ ወገኖች መንፈሳዊውን ከኮንጋና ከዋዋ ጊታር ጋር ማቀላቀልን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። «ቅዱስ ያሬድስ ከበሮና ጸናጽል አልነበረውምን?» ብሎ መመለስ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ በቂ አይደለም። በያሬዳዊው ሥርዓት ምልክቱ የሚጻፈው ከቃሉ በላይ ነው፤ ዜማ ያለ ቃል አይቆምም። ስለዚህ «ደወል»ን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ብለን ልንጠራው አንችልም። ሆኖም ደወል ራሱ ቃል የለውም፤ ይጠራል እንጂ አይናገርም። በጥንታውያን ገዳሞቻችን ደወሉ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው፤ የሙላቱ ቫይብራፎንም የሚመታ ብረት ነው። ደራሲው ከቤተ ክርስቲያን የወሰደው ቃሉን ሳይሆን ጥሪውን በመሆኑ፣ በኛ አስተያየት የአልበሙ ደፋር ሥራ ይኸው ነው።

ወዳጃችን ሸክላውን ገልብጦ «ደወል»ን ብቻ ደግመን እንድንሰማ ጠየቀ፤ በዚህ ጊዜ ስለ አገር አልተናገረም። በ2017 እ.ኤ.አ. ስትራት ዳግም ያሳተመው ዕትም የሞኖውንም ቅጂ ይዟል፤ ባሱና ከበሮው እንደ አንድ አካል ስለሚሰሙበት እኛ እሱን እንመርጣለን።