ግያዝንና ዘኬዎስን ቀለም መቀባት

በሞላሌም ሆነ በሌላው የመንዝ ደብር ሕፃናትን ለሚያስተምር ሰው፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በንድፍ አቅርቦ ቀለም ማስቀባት ትልቅ ሀብት ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ሙሉ ፊቱን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎኑ ባንድ ዓይን እየሣሉ ፊደል ያልቆጠረውን ምእመን አስተምረዋል። ልጅም የነቢዩ ኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ዋሽቶ ከሶርያዊው ሹም ከንዕማን የተቀበለውን ብርና ልብስ ሲቀባ ውሸቱ ላይ ረጋ ብሎ ይቆያል፤ በቃል ብቻ የተነገረው ግን ቶሎ ያልፈዋል። «ጨዋታ ነው፤ ደግሞም ግያዝ ስለ ውሸቱ የተቀጣበት ለምጽ ልጅ ያስፈራል» የሚሉ አሉ። ፍርሃት ብቻውን ሰውን እውነተኛ እንደማያደርግ እኔም አምናለሁ። ስለዚህ ያታለለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል የገባው ቀራጩ ዘኬዎስ ይከተል። መምህሩ «ግያዝ ለኤልሳዕ ምን ብሎ መለሰ? ለምን?» ብሎ ካልጠየቀ ግን በእርግጥም ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ እባካችሁ ጥያቄውን አትዝለሉት።