ባክቴሪያ ድንበር ሲጥስ ያሳየን ቪዲዮ ሰዓቱን አላሳየንም

ስለ አንቲባዮቲክ የተሠሩ ቪዲዮዎችን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ከሆነ ይቺን ሳታዩ አትቀሩም። አንድ ትልቅ ጥቁር ሳህን አለ። ከሁለቱ ጫፎች ነጭ ነገር እየተስፋፋ ይመጣና አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነጥብ መስመሩን ትጥስና ከኋላዋ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ነጩ ነገር ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ መስመሩ ደግሞ አንቲባዮቲክ የሚጀምርበት ድንበር። ሥራው የማይክል ቤም፣ የሮይ ኪሾኒና የባልደረቦቻቸው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ሳህኑን «ሜጋ-ፕሌት» ይሉታል።

ቪዲዮዋን ብዙ መምህራን ያሳዩዋታል፤ ይገባታልም። የእኔ ሙግት ግን ይህ ነው፦ ዝግመተ ለውጥን በማሳየት ተወዳዳሪ ያልተገኘላት ቪዲዮ፣ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ግን የተዛባ ስሜት ጥላብን ትሄዳለች። ያ ስሜት ደግሞ ቤታችን ድረስ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚገባትን እንስጣት። ሳህኑ 60 በ120 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ መድኃኒት የለም። ቀጥሎ ባክቴሪያው ሊቋቋመው ከሚችለው ጥቂት የሚበልጥ መጠን አለ፤ ከዚያ 10 እጥፍ፣ 100 እጥፍ፣ መሐል ላይ 1,000 እጥፍ። ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ባክቴሪያው መሐሉን ይወርረዋል። «በዘር ለውጥ ይላመዳሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ብናነበው ይህን ያህል አይገባንም። እዚህ በዓይናችን እናየዋለን፤ አንዷ ትለወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀራሉ፣ የእሷ ልጆች ሜዳውን ይይዛሉ። በዚያ ላይ በደረጃ መውጣት እንደሚያግዛቸው ያሳያል። የመጀመሪያዋ ትንሽ ለውጥ ለቀጣይዋ መንገድ ትከፍታለች።

አሁን ወደ ጎደለው እንሂድ።

ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት ሁለት በጣም የተለያዩ መድኃኒቶችን ነው፦ ትራይሜቶፕሪምና ሲፕሮፍሎክሳሲን። የመጀመሪያውን ብዙዎቻችን ሳናውቀው ውጠነዋል፤ ኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሁለተኛው ያው «ሲፕሮ» የምንለው ነው። ትራይሜቶፕሪም ባክቴሪያው ፎሌት የሚያዘጋጅበትን ኢንዛይም ይዘጋል፤ ፎሌት ከሌለ ለዲኤንኤ ግንባታ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ያልቃል። ሲፕሮ በሌላ በር ይገባል። ባክቴሪያው የተጠማዘዘ ዲኤንኤውን ለማፍታታት ቆርጦ መልሶ የሚቀጥል ኢንዛይም አለው፤ መድኃኒቱ ልክ ከቆረጠ በኋላ ያንቀዋል፤ የተቆረጠው እንደተቆረጠ ይቀራል። አንዱ ፋብሪካውን ጥሬ ዕቃ ያስርበዋል፣ ሌላው ማሽኑን ሥራ መሐል ላይ ይሰብረዋል።

በሳህኑ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ግድግዳ ናቸው። የሚለያያቸው ቁጥር ብቻ ይመስላል፤ 1፣ 10፣ 100፣ 1,000። ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው ሐሳብም «አንቲባዮቲክ ማለት መጠን ነው፤ ደካማ አለ፣ ኃይለኛ አለ» የሚል ይሆናል። ፋርማሲ ሄደን «ጠንከር ያለ የለም ወይ?» የምንለውስ ከዚሁ ሐሳብ አይደል? ጠንካራ የሚባል መድኃኒት በራሱ የለም። ዋናው ጥያቄ የትኛውን ባክቴሪያ፣ የትኛውን ክፍሉን፣ ለምን ያህል ጊዜ ይመታል የሚለው ነው።

ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ቪዲዮዋን ሲያይ መጀመሪያ የሚቆረቁረው እሱ ነው። በሳህኑ ላይ የመድኃኒቱ መጠን ቦታ ሲቀየር ነው የሚቀየረው፤ 100 እጥፍ ያለበት ቦታ ጠዋትም ማታም 100 እጥፍ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ግን መጠኑ በየሰዓቱ ይቀያየራል። ኩላሊትና ጉበት ሥራ ላይ ናቸው።

አሞክሲሲሊንን እንውሰድ። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ባክቴሪያው እንዳይራባ የሚያግደውን ዝቅተኛ መጠን «ወለል» እንበለው። ለምሳሌ ያህል አንድ ፍሬ ስንውጥ መጠኑ የወለሉ 16 እጥፍ ደረሰ እንበል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 8፣ ከዚያ 4፣ 2፣ 1። በቃ፣ 4 ሰዓት ከወለሉ በላይ ቆየ። በቀን ሦስት ጊዜ ከወሰድነው 12 ሰዓት ይሆናል።

አሁን አንዱ «ለምን እቸገራለሁ፣ ሦስቱንም ጠዋት ልዋጠውና ልገላገል» አለ። መነሻው 48 እጥፍ ሆነ፤ እየተገመሰ 24፣ 12፣ 6፣ 3፣ 1.5 ይላል። ወለሉ ጋ የሚደርሰው ከ5 ሰዓት ተኩል ብዙም ሳይርቅ ነው። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ብሩም ያው ነው፤ 12 ሰዓት የነበረው ጥበቃ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ሒሳቡ ቀለል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በእውነተኛ ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነትም አለ። አካሄዱ ግን ትክክል ነው። የፔኒሲሊን ዘመዶች የሚሠሩት ባክቴሪያው የሴል ግድግዳውን ሲገነባ እየጠበቁ በማሰናከል ስለሆነ፣ ከከፍታ ይልቅ በቦታው መቆየት ይጠቅማቸዋል። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ጽሑፍ እንዲያው ለወግ የተጻፈ አይደለም።

ጀንታማይሲን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ያሳስተዋል፤ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ይገድላል፤ ከደም ከወረደም በኋላ የተረፉት ባክቴሪያዎች ለተወሰነ ጊዜ ደንዝዘው ይቆያሉ። በሌላ በኩል ሰውነት ውስጥ ሲቆይ ኩላሊትንና የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ከፍ ተደርጎ ይሰጣል። አንዱ መድኃኒት ላይ ስህተት የሆነው ሌላው ላይ ሕክምና ነው ማለት ነው። ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት የ1፣ 10፣ 100 መሰላል አያሳየንም።

ሌላም አለ። ሳህኑ ላይ መለመድ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ ሲተላለፍ ነው የምናየው። ውጭ ባለው ዓለም ባክቴሪያዎች ፕላዝሚድ በሚባሉ ትናንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች የመቋቋሚያ ዘረመልን ለጎረቤት ያቀብላሉ፣ ያውም ለሌላ ዝርያ። ከአንጀታችን ሰላማዊ ባክቴሪያ ወደ በሽታ አምጪው ሊሻገር ይችላል። ለጉንፋን ብለን ሲፕሮ ስንውጥ ጉንፋን የሚያመጣውን ቫይረስ አንነካውም፤ የምናሠለጥነው እነዚያን ጎረቤቶች ነው።

«ሁለት ደቂቃ ገደማ የምትረዝም ቪዲዮ ይህን ሁሉ ትሸከም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ተመራማሪዎቹም ሳህናቸው የሰው አካል ነው አላሉም። ቅሬታዬ ከሠሪዎቹ ይልቅ ቪዲዮዋን ብቻዋን አሳይተን ትምህርቱን ከምንዘጋው ከእኛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንደሞቱ በዓለም አቀፍ ጥናት ተገምቷል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ፍርሃት ብቻ አስታቅፎ መሸኘት አይበቃም። ፍርሃት ወደ «ኃይለኛው ይሰጠኝ» ነው የሚወስደን።

ስለዚህ ቪዲዮዋን እዩዋት፣ ለታናናሾቻችሁም አሳዩአቸው። ስታልቅ ግን ወረቀት አውጡና ያንን የ16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 መስመር ሣሉላቸው። ቀጥሎ እናታችሁ የታዘዘላትን መድኃኒት ይዛ ስትመጣ ፋርማሲስቱን «ጠንካራ ነው ወይ?» ሳይሆን «በየስንት ሰዓቱ ነው? ለስንት ቀን? ካመለጠንስ ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቁላት።