የጎመን ቅጠል ጅማት

ሳህኑን ከሩቅ ያየው ሰው ከጓሮ የተቆረጠ ጎመን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሲጠጋ ሸክላ መሆኑን ያውቃል፤ የበለጠ የሚደነቀው ግን ይህን ካወቀ በኋላ ነው። ወደ ውጭ የዞረው የቅጠሉ ጀርባ ነው። ጅማቶቹ ከግርጌ ወፍረው ይነሡና ወደ ጠርዙ እየቀጠኑ ይበታተናሉ፤ ጠርዙም አንድ ቦታ እንኳ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቅጠሉ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ጅማቶቹ ፈዘዝ፣ ነጣ ይላሉ። እነዚያን ፈዛዛ መስመሮች በብሩሽ የሣላቸው ሰው የለም። ያወጣቸው እሳት ነው።

ሸክላው አንዴ ተተኩሶ ከጠነከረ በኋላ እርሳስ ያለበት ቅብ ይቀባል። መዳብ የገባበት ቅብ አረንጓዴ ይሆናል፤ ብረት የገባበት ማር ይመስላል፤ ማንጋኒዝ የገባበት ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡናማ፣ ኮባልት የገባበት ሰማያዊ ይወጣዋል። ዕቃው ዳግመኛ እቶን ሲገባ ቅቡ ይቀልጥና ብርሃን እንደሚያሳልፍ መስታወት ይሆናል፤ ይፈሳልም። ከጉብታው ላይ ሸሽቶ የጎደጎደው ውስጥ ይተኛል። በሳሳበት ቦታ ከሥር ያለውን ፈካ ያለ ሸክላ ያሳያል፤ በተጠራቀመበት ይጠቁራል። ስለዚህ ሠሪው ጅማቱን በልኩ ከፍ አድርጎ ካበጀው የቀረውን ሥዕል ቅቡ ራሱ ይጨርስለታል።

ይህን ጎመን ስመ ጥር ያደረገው ራፋኤል ቦርዳሎ ፒኜይሮ እ.ኤ.አ. በ1846 ሊዝበን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሠዓሊ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ኮሉምባኖም ኋላ ከአገሩ ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ ሆኗል። ራፋኤል ግን መጀመሪያ ስም ያወጣው በጋዜጣ ካርቱን ነው። በ1875 ዜ ፖቪንዮ የሚባል ባላገር ሣለ፦ ጺሙ የተንጨባረረ፣ ባርኔጣ የደፋ፣ ግብር የሚጫንበት፣ ሹማምንት የሚያታልሉት፣ እሱ ግን ከመሳቅ የማይመለስ ሰው። ፖርቱጋላውያን እስከ ዛሬ ራሳቸውን የሚያዩበት ይህ ሰው ነው። በ1884 በካልዳሽ ዳ ራይንያ ከተማ የሸክላ ፋብሪካ ሲቋቋም ካርቱኒስቱ የኪነ ጥበቡን ሥራ ያዘ፤ ወንድሙ ፌሊሲያኖም አብሮት ነበር።

ከተማዋ ከሊዝበን በስተሰሜን ትገኛለች፤ በፍል ውኃዋና በሸክላዋ ትታወቃለች። ቦርዳሎ ከመምጣቱ በፊት እዚያ የነገሠው ባለሙያ ማኑኤል ማፍራ ነበር። ማፍራ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሸክላ ሠሪ የቤርናር ፓሊሲን ፈለግ ተከትሎ እባብ፣ እንሽላሊትና እንቁራሪት በሳህን ላይ ያርመሰምስ ነበር። ፍጥረታቱ የሚተኙበት የድንጋይ ሽበት ብቻውን ትልቅ ድካም ነው፤ ርጥብ ጭቃ በወንፊት ቀዳዳ እየተገፋ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይወጣና ቁንጥር በቁንጥር በቀጭን ጭቃ ይለጠፋል። የማፍራ ሳህን ባዶ ቦታ አያውቅም። ዓይን በየት እንደሚገባ ግራ እስኪጋባ ድረስ ሞልቶ ይፈሳል።

ቦርዳሎ ይህን ሁሉ ተማረ፤ ከዚያ ካርቱን ያስተማረውን ጨመረበት። የካርቱን ሠዓሊ አንድን ሚኒስትር የሚይዘው የፊቱን መስመር ሁሉ በመገልበጥ ሳይሆን አንዱን አፍንጫ መርጦ በማግነን ነው። ከፍጥረት ላይ በቀጥታ ቅርጽ ማንሣት ለሸክላ አይበቃም፦ ጭቃ ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል፣ ቅቡ ደግሞ ረቂቁን መስመር ይውጠዋል። ለዚህ ነው የቦርዳሎ የጎመን ጅማት ከጓሮው ጎመን ጅማት ይልቅ የጎላው። ጋዜጣ ላይ ጥቁር መስመር የሚፈልግበት ቦታ ቀለም ያስቀምጥ ነበር፤ ሸክላ ላይ መስመር ሲፈልግ ቦታውን አጎደጎደው፣ ቀለሙን ቅቡ ሞላለት። በሌሎቹ ሥራዎቹም ላይ በዓሣው ቅርፊት ዙሪያ፣ በሸርጣኑ መጋጠሚያዎች፣ በእንቁራሪቷ አገጭ ሥር ያለው ጥላ ሁሉ የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው።

ቀልዱም ከቅርጹ ጋር አብሮ መጣ። በሊዝበን ሮሲዮ አደባባይ ባለው የሞናኮ ትንባሆ መሸጫ ሱቅ በሸክላ ጡቦቹ ላይ እንቁራሪቶችና ሽመላዎች ትንባሆ ያጨሳሉ። የጭንቅላታቸው ማንጠልጠያ በአንገታቸው ውስጥ የተደበቀ ትንንሽ ምስሎችም አሉ፦ ፖሊሱ፣ ቄሱና ሞግዚቷ በጣት ሲነኩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዜ ፖቪንዮ ደግሞ ክንዱን አጥፎ ዱቤ ለሚጠይቅ ሁሉ የማይጠቀስ መልስ ይሰጣል። በጥር 1890 እንግሊዝ በአንጎላና በሞዛምቢክ መካከል ካለው ምድር ፖርቱጋል እንድትወጣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በሰጠች ጊዜ የቦርዳሎ መልስ ከእቶን ወጣ፤ የእንግሊዝ ተምሳሌት የሆነውን ቦርጫም ጆን ቡልን ፖፖ አደረገው። ስድቡ የሠራው ቅርጹ ስለተዋጣለት ነው። ሆዱ ለዕቃው የሚያስፈልገውን ስፋት ሰጥቷል፤ አንድም ነገር በግድ የተለጠፈ አይመስልም።

ይህ ልክ የጠፋበት ጊዜም አለ። ለቤትሆቨን መታሰቢያ የሠራው የአበባ ማስቀመጫ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ይቆማል፤ ዛሬ ሪዮ ዴ ጃኔሮ በሚገኘው የብራዚል ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው። ያን የሚያህል ሸክላ ሳይሰነጠቅ ማድረቅና መተኮስ ብርቅ ችሎታ ነው። ሆኖም ጌጡ በጌጥ ላይ ተከምሮ ዓይንን ያደክማል፤ ባለሙያው የሚችለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያሳይ የፈለገበት ሥራ ነው። በፖርቱጋል ላሉት የቡሳኮ ጸሎት ቤቶች የጀመራቸውና አሁን በካልዳሽ የዦዜ ማልዮዋ ሙዚየም ያሉት የክርስቶስ ሕማማት ምስሎች ግን ሌላ ናቸው። ቅብ የላቸውም። እዚህ የሚረዳው የቀለጠ መስታወት ስለሌለ የፊት መጨማደዱንና የልብሱን እጥፋት ሁሉ እጁ ብቻውን መጨረስ ነበረበት። ጎመኑን እያዩ ከቅቡ ውበት በቀር ሌላ የለውም የሚሉ እነዚህን ፊቶች ይመልከቱ።

ቦርዳሎ በ1905 ሲሞት ፋብሪካው ከገንዘብ ችግር አልተላቀቀም ነበር። ልጁ ማኑኤል ጉስታቮ ሥራውን ቀጠለ፤ የጎመን ሳህኑም ዛሬ ድረስ በካልዳሽ ይሠራል። ለገዢ የሚበጀው መመዘኛም ከዚሁ ሙያ ይወጣል። ጭቃው የሚታተመው በጀሶ ፎርማ ነው፤ ጀሶ ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር እየተበላ ይሄዳል። ፎርማው ሲያረጅ ጅማቱ ይደነዝዛል፤ ጅማቱ ሲደነዝዝ ቅቡ የሚሸሽበት ቁልቁለት ያጣል፤ ሳህኑም ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከሥር የታተመውን ማኅተም ከመፈለግ በፊት ጣትን በጅማቱ ላይ ማስኬድ ይሻላል። ጅማቱ ለጣት ሹል ሆኖ ለዓይን ነጣ ካለ፣ ያረጀውን ፎርማ በጊዜው የጣለ ባለሙያ በሥራው ላይ ነበር ማለት ነው።