ፊት የሌለው ብርሃን

የቨርቹዋል ሪያሊቲ ፊልም ርኅራኄን ያስተምራል የሚለው እምነት ከሚገባው በላይ ተወድሷል። የፊልም ሠሪው ክሪስ ሚልክ እ.ኤ.አ. በ2015 መሣሪያውን የርኅራኄ ማሽን ካለው ወዲህ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ወደ ካሜራው ጎርፈዋል። የእኛም አገር በዚህ ውስጥ አለች። በዚያው ዓመት ቻሪቲ ዋተር የተባለው ድርጅት በትግራይ የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ ውኃ ለመቅዳት የምትደክመውን ድካም «ዘ ሶርስ» በሚል ርእስ በ360 ዲግሪ ቀርጾ፣ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለተሰበሰቡ ለጋሾች አሳየ። ብዙ ገንዘብ ተገኘበት፤ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ገንዘብ ደግሞ አይናቅም። በጥበብ ሚዛን ግን ሥራው ይጎድለዋል። ተመልካቹ ልጅቷን ያያታል፣ እሷ አታየውም። አንገቱን ደፍቶ ራሱን ቢፈልግ እጅም እግርም የለውም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ፖል ብሉም በ2017 እንደተቃወመው፣ መነጽሩን ባሻው ጊዜ አውልቆ መሄድ የሚችል ሰው የስደተኛን ፍርሃት ቀመሰ ሊባል አይችልም።

ተገቢውን ሂስ ያላገኘው የቨርቹዋል ሪያሊቲ ሥራ የዴቪድ ግሎዋኪ «ኢዝነስ-ዲ» ነው። ስለ ሥራው የተደረገው ጥናት በ2022 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ ላይ ከወጣ በኋላ ክርክሩ ሁሉ ልምዱ ከሳይኬደሊክ ዕፆች ጋር ይተካከላል ወይስ አይተካከልም በሚለው ላይ ተጠመደ። ገላ እንዴት እንደተሣለ የጠየቀ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ ለሌሎቹ የሚታየው እንደ ጢስ የተበተነ አካል ሆኖ ነው፤ ልብ በሚኖርበት ቦታ ብርሃን አለ። ፊት፣ የቆዳ ቀለም፣ ልብስ የለም። በየአገሩ የተቀመጡ ሰዎች ወደ አንድ ስፍራ ሲጠጉ ጢሱ ከጢሱ ይቀላቀላል፤ የአንዱ ገላ የት አብቅቶ የሌላው የት እንደሚጀምር መለየት ያዳግታል። ግሎዋኪ ከተራራ ወድቆ ሳንባው ደም ሲቋጥር ገላውን ብርሃን ሆኖ እንዳየው ተናግሯል፤ ሥራው የዚያን ሰዓት ጥራት ይዟል። የዘርፉ ሰዎች እውነተኛ የሚመስል ፊት ለመሥራት ሲራኮቱ እሱ ፊትን ጨርሶ ተወው። ማዕረግን መጀመሪያ የምናነበው ከፊት ነውና፣ ይህ ምርጫ ለእኔ የሥራው ታላቅነት ነው።

የወሎ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጀማ ንጉሥ በተባለው የወሎ መንፈሳዊ ስፍራ መሪው መንዙማውን ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ሲመልስ፣ ድቤው ሲያይል፣ ሰው የራሱን ድምፅ ከጎረቤቱ ድምፅ መለየት ያቅተዋል። እዚያ የተገኘ ሁሉ ተቀባይ ነው፤ ዝም ብሎ የሚመለከት የለም። «ዘ ሶርስ» ያጣው፣ «ኢዝነስ-ዲ» ያገኘው ይህን መቀባበል ነው።

ከዚሁ ከወሎ የሄዱ ሴቶች ዛሬ በሳዑዲ ከተሞች፣ በደማም፣ በኹበርና በሰይሃት ቤቶች ውስጥ ያገለግላሉ። እነሱን ሳስብ አድናቆቴ ይሰበራል። በማዳሟ ሰዓት ለምትተኛና ለምትነሣ፣ አንዳንዴ ስሟን ሳይቀር ደላላ ለቀየረባት ሴት ራስን መርሳት በግዴታ የተማረችው ነገር ነው። በመጋቢት 2021 በሳዑዲ የጀመረው የሥራ ሕግ ማሻሻያ ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ የሚቀይሩበትን መንገድ ሲከፍት የቤት ሠራተኞችን አላካተተም፤ ዕጣዋ በአሠሪዋ እጅ ቀረ። ሌሊት ወደ ደሴ በኢሞ ስትደውል ደግሞ ፊቷን ከነድካሙ ታሳያለች፤ እናቷ «ልጄ፣ ከስተሻል» ትላታለች። ይህን የተናገረችው ፊቷን አይታ ነው። ጢስና ብርሃን ብቻ ብታይ ኖሮ መክሳቷ ያመልጣት ነበር። ፊትን ማጥፋት ማዕረግን እንደሚያጠፋ ሁሉ በደልንም ይሸፍናል፤ የግሎዋኪ አድናቂዎች ይህን አልጠየቁም፤ ሊጠየቁበት ይገባል።

ስለዚህ ሥራው ለማን እንደሚታይ የሂሱ አካል ነው። ከደማምና ከኹበር አቅራቢያ፣ ዳህራን ላይ፣ ቤተ መዘክር፣ ሲኒማና ቤተ መጻሕፍት ያቀፈው የባህል ማዕከል ኢትራ አለ። «ኢዝነስ-ዲ» እዚያ ቢቀርብ መነጽሩን ቀድመው ማድረግ ያለባቸው ቤት ሠራተኛ የሚያሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ማንነቷ ካልተነገራቸው ሠራተኛ ጋር በአንድ ጢስ ውስጥ ይቀላቀሉ፤ ሲያወልቁም ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አማርኛና ዐረብኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ በመካከል ሆኖ ይነጋገሩ። እሷ የምትገኘው ከፈቀደች ብቻ ነው፤ ሰዓቱም ከዕረፍት ቀኗ ሳይቆረጥ እንደ ሥራ ሰዓት ይከፈላት።